ቅጣት ለሥራው ነው ወይስ ለጉዳቱ?

በቤተ ሰብ ዓምድ ላይ የፍርድ ነገር መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ልጆች በቤቱ ያሉት ሰው በቀን ስንት ጊዜ ዳኛ ሆኖ እንደሚቀመጥ እርሱው ያውቀዋል፤ እኔንም ብዕር ያስነሣኝ በመካነ ሰላም ከተማ በቤቴ ውስጥ የተነሣ አንድ ክርክር ነው። የክርክሩ ምክንያት ደግሞ ከቦረና ደጋ እጅግ የራቀ ነገር ነው፤ ይኸውም ፎርሙላ ዋን የሚባለው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ነው።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የእኅቴ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሥራው በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ መንዳት ነው። ሁለተኛዪቱ ልጄ ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ነገር ከያዘች ከዳር ሳታደርስ የማትለቅ ናት። ሁለቱም እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ በእጅ ስልክ ላይ ተደፍተው ውድድሩን ይመለከታሉ፤ እናቴና ባለቤቴ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት ለሚመለስ መኪና ይህ ሁሉ ችኰላ ስለ ምን ነው እያሉ ይሥቃሉ።

አይተውት ለማያውቁ ሰዎች በአጭሩ ልናገር። ውድድሩ የዓለም ሻምፒዮና ሆኖ የተጀመረው በ1942 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲልቨርስቶን በተባለ ሜዳ ነው (ዓመቱን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ)። መኪናዎቹ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጡ አንዱ ሌላውን በጥቂቱ እንኳ ቢነካው ነገሩ ከባድ ነው። ስለዚህ በየውድድሩ ዳኞች ተሰይመው ፊልሙን እየመረመሩ ጥፋተኛውን ይቀጣሉ። በነጂው ጊዜ ላይ 5 ወይም 10 ሴኮንድ ይጨመርበታል፤ ወይም በሚቀጥለው ውድድር ከመነሻው ረድፍ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የከፋ ሲሆን ጨርሶ ይሰረዛል። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ የመኪናው ፍጥነት ብዙም አይገርመኝም፤ ቅጣት የሚል ቃል ሲነሣ ግን ጆሮዬ ይቆማል።

ልጆቹ አብዝተው የተከራከሩበት ነገር ሐምሌ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው በሲልቨርስቶን የሆነው ነው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተንና የሆላንዱ ማክስ ቨርስታፐን ገና በመጀመሪያው ዙር ጐን ለጐን ሆነው ወደ አንድ ኩርባ ሲገቡ የሃሚልተን የፊት ጎማ የቨርስታፐንን የኋላ ጎማ ነካው። ቨርስታፐን ከመንገዱ ወጥቶ ከአጥሩ ጋራ በብርቱ ተላተመ፤ ለምርመራም ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ዳኞቹ ከጥፋቱ የሚበዛው የሃሚልተን ነው ብለው 10 ሴኮንድ ቀጡት። እርሱም ቅጣቱን ከፍሎ፣ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ደርሶባቸው፣ አንደኛ ሆኖ ገባ።

ልጄ እጅግ ተቈጣች። «አባባ፣ ሰው ሐኪም ቤት አስገብቶ ዋንጫ ይዞ መሄድ የየት አገር ፍርድ ነው?» አለችኝ። የእኅቴ ልጅ ግን እንደ ነገረ ፈጅ ጕሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ዳኛ የሚመዝነው የነጂውን ሥራ ነው። ከአጥሩ ጋራ መላተሙ የዕድል ነገር ነው፤ ሜዳው ሰፊ ቢሆን ኖሮ አሸዋው ላይ ቆሞ ይመለስ ነበር። ታዲያ በአሸዋው ስፋት ልክ ሰው ይቀጣል?» አለ። በእውነትም የዚያ ሜዳ ዳኞች ልማድ እንዲህ ነው፤ የተደረገውን ይመዝናሉ እንጂ ከዚያ የተከተለውን ጉዳት አይቈጥሩም። የእኅቴን ልጅ ቃል አንባቢ ልብ ብሎ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ኦሪትን ስንሰማ፣ በዘዳግም በምዕራፍ 19 ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር እንደሚሄዱ፣ የምሣሩም ብረት ከእጀታው ወልቆ አንደኛውን እንደሚገድለው ተነግሮናል። ጠላትነት ያልነበረው ሰው ወደ መማፀኛው ከተማ ሸሽቶ ይድናል፤ ሸምቆ የገደለው ግን ከዚያም ከተማ ተይዞ ይሰጣል። ሟቹ በሁለቱም ነገር ያው ሟች ነው፤ የሚለየው የገዳዩ ልብ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችንም አንቀጽ 58 ስለ አሳብ፣ አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ለየብቻ መደንገጋቸው ከዚህ መሠረት የራቀ አይደለም።

ነገር ግን በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድን ሰው ልብ ማን ይመረምረዋል? በጥቅምት ወር 1982 ዓ.ም. በጃፓን አገር ሱዙካ በተባለ ሜዳ ብራዚላዊው አይርተን ሴናና ፈረንሳዊው አሌን ፕሮስት ተጋጩ፤ የሚያሳዝነውም ሁለቱ በአንድ ቡድን የሚነዱ ባልደረቦች መሆናቸው ነው። ፕሮስት ከመኪናው ወረደ። ሴና ግን ተገፍቶ ተነሣና አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ሆኖም ወደ ሜዳው የተመለሰበት መንገድ ደንብ ያፈረሰ ነው ተብሎ ተሰረዘ፤ የዓለም ሻምፒዮንነቱም ለፕሮስት ሆነ። በዓመቱ በዚያው ሜዳ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደገና ተላተሙና ሁለቱም ከውድድሩ ወጡ። በነጥብ ይመራ የነበረው ሴና ስለ ነበረ በዚህኛው ዘውዱ ለእርሱ ሆነ፤ በማንም ላይ ቅጣት አልታዘዘም። ሌላ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም.፣ ሴና ያን ግጭት ሆን ብሎ እንዳደረገው በገዛ አፉ ተናገረ።

እኔ በሥራዬ ብዙ የእምነት ቃል ጽፌአለሁ፤ ዘውዱን ጭኖ፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ያለ ጠያቂ የሚሰጥ የእምነት ቃል ግን አላየሁም። ልጄ ዘውዱ ሊወሰድ ይገባ ነበር ትላለች። የእኅቴ ልጅ ደግሞ በአንደኛው ዓመት ተበድሎ ስለ ነበር በሁለተኛው ዓመት ካሣውን ወሰደ ይላል፤ ይህ ክርክር በችሎት ቢቀርብ ዳኛው ሳይሥቅ የሚቀር አይመስለኝም፤ በደሙ ፈንታ ደም የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነውና። ሴና ራሱ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በኢሞላ ሜዳ ሲወዳደር ሞተ። በእኛ ዘንድ የፋሲካ ዕለት ነበር።

ከዚህ ይልቅ ጥርት ያለ ፍርድ የማገኘው በጀርመናዊው በሚካኤል ሹማከር ነገር ነው። በጥቅምት 1990 ዓ.ም. በእስጳንያ አገር በኸሬዝ ከተማ የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ሲደረግ ሹማከር 78 ነጥብ፣ የካናዳው ዣክ ቪልነቭ 77 ነጥብ ነበራቸው። ቪልነቭ ሊያልፈው በውስጥ በኩል ሲገባ ሹማከር መሪውን ወደ እርሱ አዞረ። ሆኖም በሌላው ላይ የጣለው ነገር በራሱ ላይ ተመለሰ፤ የእርሱ መኪና አሸዋ ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ቪልነቭ ግን ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ እዚህ ላይ ተበዳዩ ዘውዱን ጭኗል፤ ተጐዳ የሚባለው በዳዩ ነው። በጉዳት ብቻ ቢመዘን ክስም ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የውድድሩ የበላይ የሆነው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ማኅበር ነገሩን መርምሮ ሹማከርን ከዓመቱ የደረጃ ሰንጠረዥ ሰረዘው፤ ስለ መንገድ ደኅንነት በሚደረግ የማስተማር ሥራም እንዲያገለግል አዘዘው። ያሸነፋቸውን ውድድሮች አልነጠቀውም። አንደኛነቱን ላጣ ሰው ሁለተኛነቱን መንጠቅ የባዶ ኪስ መውረስ ነው ብለው የተቹ አሉ፤ እኔም ከተቺዎቹ ጋራ ነኝ፤ ነገር ግን ሥራውን ከጉዳቱ ለይተው ማየታቸው ትክክል ነበር።

በዘጸአት በምዕራፍ 21 ደግሞ የወጊ በሬ ሕግ አለ። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው፤ ነገር ግን በሬው ከትናንትና ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ወጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ባለቤቱም ጭምር ይጠየቃል። የመኪናው ሜዳ ይህን የመሰለ ደንብ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ነጂው ባጠፋ ቍጥር ነጥብ ይጻፍበታል፤ በ12 ወር ውስጥ 12 ከሞላበት አንድ ውድድር ይታገዳል። የዴንማርኩ ኬቪን ማግኑሰን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በኢጣልያ በሞንዛ ሜዳ 12 ሞልቶበት በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአዘርባጃን የተደረገው ውድድር አመለጠው፤ በዚህ ደንብ የታገደ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በእኛም አገር በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የነጂዎች ጥፋት በነጥብ እንዲመዘገብ ይል ነበር።

ደግሞ ይህ ክርክር የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይምሰለን። በሐምሌ ወር 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ የሞሮኮው ኻሊድ ስካህና የኬንያው ሪቻርድ ቼሊሞ ሲፎካከሩ፣ አንድ ዙር ተደርቦበት የነበረ ሌላ የሞሮኮ ሯጭ በመካከላቸው ገብቶ ኬንያዊውን አወከው። ስካህ አንደኛ ቢገባም ተሰረዘ፤ በይግባኝ ግን በማግሥቱ ወርቁ ተመለሰለት። ሦስተኛ የገባው የእኛ አገር ሰው አዲስ አበበ ነበር፤ እንግዲህ ፍርዱ እስኪገለበጥ ድረስ ለአንድ ሌሊት የብር ባለቤት ሆኖ ማደሩ ነው። ስካህ በራሱ እጅ ማንንም አላወከም፤ የጠቀመው ግን የሌላ ሰው ጥፋት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈርድ ዳኛ እንቅልፍ ያጣል።

የእኛ የወሎ ሰዎች የጥንት እሽቅድምድም ጉግስ ነው። በጥምቀት ሰሞን ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተሰልፈው አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። በዘንግ የተመታ ሰው ቢቈስል ጋሻህን ስለ ምን ዝቅ አደረግህ ይባላል እንጂ ወርዋሪው አይከሰስም፤ ወደ ሜዳው በፈቃዱ ገብቷል፣ ጋሻም ይዟልና። ቂም ይዞ የወረወረ እንደ ሆነ ግን፣ የተወረወረበት ሰው ምንም ባይነካ፣ ሽማግሌዎች ከፈረሱ ያስወርዱታል። ለእኔ የመኪናውን ሜዳ ፍርድ ያስረዳኝ ይህ ነው። ሃሚልተንም ቨርስታፐንም ጋሻ ይዘው የገቡ ፈረሰኞች ናቸው፤ በእነርሱ መካከል ሥራውን መዝኖ ጉዳቱን መተው ይቻላል።

አሁን ወደ እኅቴ ልጅ ቃል እንመለስ። ባለፈው ክረምት ከደሴ ሲመለስ፣ በለጋምቦ ደጋ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ ከፊቱ ከሚሄድ ሌላ ሚኒባስ ጋራ ተሳፋሪ ለመሻማት ሲሽቀዳደም ኩርባ ላይ ደርቦ ቀደመው። ከፊት ለፊት የመጣ መኪና አልነበረም፤ ማንም አልተጐዳም፤ ትራፊክ ፖሊስም አላየውም። በመኪናው ውስጥ የነበረች ጎረቤታችን ግን ለእኅቴ ነገረቻት፤ እኅቴም ልጅዋን ይዛ መጥታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ፍረደኝ» አለች።

ልጁ መከላከያውን ሲያቀርብ፣ «ጋሼ፣ ማን ተጐዳ?» አለ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ፣ «የአሸዋው ስፋት ነዋ!» አለችው። እርሱም ወዲያው ገባውና አንገቱን ደፋ። ለሃሚልተን ጉዳቱ እንዳይቈጠርበት የተከራከረ ሰው ለራሱ የጉዳት አለመኖር እንዲቈጠርለት መጠየቅ አይችልም፤ ሚዛኑ አንድ ከሆነ በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ሥራው በራሱ ተመዘነና ከባድ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ከዚህ በላይ አንድ ነገር ነገርሁት። በመንገድ ላይ ሚዛኑ እንደ ሜዳው አይደለም። ከኋላው የተቀመጡት አሥራ ጥቂት ሰዎች ለገበያ፣ ለሕክምና፣ ለለቅሶ የሚሄዱ ናቸው፤ ጋሻ አልያዙም፤ ለእሽቅድምድም የፈቀደም ከመካከላቸው የለም። ስለዚህ ሕጋችን በመንገድ ላይ ሥራውንም ጉዳቱንም ይቈጥራል፤ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543፣ ነጂ ግልጽ ደንብ አፍርሶ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። የእንዲህ ያለውን መዝገብ ብይን በእጄ የገለበጥሁበት ጊዜ አለ፤ ተከሳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ከጥፋታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ያንኑ ኩርባ በዚያው አኳኋን አልፈውት ማንም ሳይጐዳ የቀረ ናቸው።

ፍርዱን እንዲህ ሰጠሁ፤ መኪናው የዘመድ ስለ ሆነ ባለቤቱን አስማምቼ፣ ልጁ ቍልፉን ለአሥራ አምስት ቀን አስረክቦ፣ በዚያው ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ዕቃ እየጫነና ሒሳብ እየተቀበለ እንዲሠራ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ከኋላ ወንበር ሆኖ ኩርባውን ይመልከተው ብዬ ነው። ልጁ ቅጣቱ በዛብኝ ብሎ ለአያቱ ይግባኝ አለ፤ የልጅ ልጅ በአያት ይግባኝ ሲጠቀም ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ፍርዴ የሚሻር መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን መቍጠሪያዋን እያንከባለለች ነገሩን ከመጀመሪያው አስደግማ ሰማች፤ ጉም ነበር ወይ ብላ ጠየቀች፤ ነበር አላት። ከዚያም አሥራ አምስቱን ቀን አንድ ወር አደረገችው፤ ቍልፉን በተቀበለ ዕለትም እርስዋ ራስዋ በፊተኛው ወንበር ተቀምጣ እስከ ደሴ እንድትሄድ፣ ሒሳቡንም እርሱ እንዲከፍልላት ወሰነች።