ሦስት ኩባያ፣ አራት ኳስ

እናላችሁ፣ እኔ ምትሃተኛ ነኝ። አትሳቁ! ሦስት የፕላስቲክ ኩባያና ጥቂት የጥጥ ኳሶች ከሰጣችሁኝ አፋችሁን አስከፍታችኋለሁ። ችግሩ፣ የመጀመሪያ ትርኢቴን ያቀረብኩት የት መሰላችሁ? ኩልመስክ፣ አያቴ ቤት፣ ቡና ላይ።

ኩልመስክን ለማታውቋት፦ ከወልድያ ተነስታችሁ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ ስትጓዙ የምታገኟት የላስታ ከተማ ናት። እናንተ ከተሜዎቹ በልጅነታችሁ «የልጆች ጊዜ» ላይ አባባ ተስፋዬን እያያችሁ አድጋችኋል። ሰውየው ተረት ብቻ ሳይሆን ምትሃትም ያውቁ ነበር። እኛ ቤት ግን ቴሌቪዥን አልነበረም። ምትሃት ሲባል የምናውቀው ደጋሚውንና መተተኛውን ነው፤ እሱን ደግሞ አጨብጭበህ አታልፈውም፣ ትሸሸዋለህ።

ጨዋታውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ኪራይ ቤቴ ውስጥ፣ ከዩቲዩብ ነው። አራት ወር ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ኳስ ስጥል ከረምኩ። «ኩባያና ኳስ» ይሉታል። ከጥንቶቹ ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ሳይቀር ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በደብዳቤው አንስቶታል። ኳሶቹ ከአንዱ ኩባያ ጠፍተው በሌላው ይገኛሉ፤ መጨረሻ ላይ ኩባያዎቹ ሲነሱ ማንም ያልጠበቀው ትልቅ ነገር ቁጭ ብሎ ይገኛል። ፈረንጆቹ ሎሚ ይወዳሉ። እኔ የላስታ ልጅ ነኝና ድንች መረጥኩ።

እንግዲህ የገና ሰሞን ነው። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ሁለተኛው ቡና ሲወርድ ኩባያዎቼን ደረደርኩ። ኳሷ ጠፋች፣ ተገኘች። ልጆቹ ጮኹ። የመጨረሻውን ኩባያ አነሳሁ፤ ድንች!

ጭብጨባ ስጠብቅ ቤቱ ጭጭ አለ። አያቴ «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ ተነሳች፤ ጠበል ልታመጣ ነው። «ድንቹን ማንም እንዳይነካው!» አለች ከጓዳ። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ስል ዓይኔ አጎቴ ላይ አረፈ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

የአጎቴን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ወልድያ ወርደው ሁለት በግ ሸጡና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «አፍዝ አደንግዝ አደረጉብኝ» አሉ። ጠበል ተጠመቁ። ከዚያ ወዲህ በግ ይዘው ወልድያ ወርደው አያውቁም፤ እዚያው አካባቢያቸው ነጋዴው በጠራላቸው ዋጋ ይሸጣሉ።

ማታ ላይ ደጅ ጠሩኝ።

«ይሄ ነገር በካርታም ይሠራል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ያኔ ገባኝ። ሦስት ካርታ፣ «ቀይዋን ያየ!» እያሉ የሚያገላብጡ ልጆች፣ ዙሪያውን የከበበ ሰው። አጎቴ ለማንም ያልተናገሩት ይሄንን ነበር።

የምትሃተኞች የመጀመሪያ ሕግ ምስጢር አታውጣ ይላል። ግን በ1584 እ.ኤ.አ. ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የእነዚህን ጨዋታዎች ምስጢር በመጽሐፍ ዘርዝሮ አውጥቷል። በዘመኑ ሰዎች በጥንቆላ እየተከሰሱ ይሰቀሉ ነበርና፣ «ይሄ እኮ የእጅ ቅልጥፍና ነው» ለማለት ነው። እሱ ካወጣው እኔ ማን ነኝ?

መጀመሪያ ኩባያዎቹን አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ የሚታዩት ሦስት ኳሶች ናቸው፤ ያሉት ግን አራት ናቸው። አንዷ ሁልጊዜ መዳፌ ውስጥ ናት። ወደ ግራ እጄ የሰጠኋት እመስላለሁ፣ ግን በቀኜ አስቀራታለሁ። ከዚያ ባዶውን ግራ እጄን ራሴው ትክ ብዬ አየዋለሁ። እኔ ወዳየሁበት ሰው ሁሉ ያያል። ድንቹን ኩባያው ውስጥ የምከተው ደግሞ ሁሉም በኳሷ ሲገረም ነው።»

ከዚያ ከብስኩት ካርቶን ሦስት ካርታ ቆረጥኩ፤ አንዷን በእስክሪብቶ ቀይ አደረግኋት። ሁለት ካርታ በአንድ እጅ ከላይና ከታች ተይዞ ሲጣል፣ ሰው መጀመሪያ የወደቀው የታችኛው ይመስለዋል። የወደቀው የላይኛው ነው። ሙሉው ተንኮል ይሄው ነው።

«ከእኔ በፊት ሦስት ጊዜ የበላው ሰውዬስ?»

«የእነሱ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«በርታ፣ አግኝተሃታል ያለኝስ?»

«እሱም።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ፦ «ድግምት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ምን ልበላችሁ፣ ያቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። ነፃ የማወጣቸው መስሎኝ ነበር እኮ! በድግምት የተወሰደበት ሰው የተበደለ ነው። በካርቶን የተወሰደበት ግን ራሱን ሞኝ ይላል። ስንት ዓመት የተደገፉባትን ከዘራ ነጥቄያቸው ቆሜያለሁ።

መልስ አጥቼ ኩባያዎቹን መልሼ ደረደርኩ። «አሁን ምስጢሩን ያውቃሉ አይደል? እስቲ ይያዙኝ» አልኳቸው። ሠራሁ፤ አመለጠቻቸው። ደገምኩ፤ አመለጠቻቸው። ሦስተኛም። ፔን እና ቴለር የሚባሉ አሜሪካውያን ይሄንኑ ጨዋታ ውስጡ በሚታይ ኩባያ ይሠሩታል፤ ሁሉ ነገር እየታየ ዓይን ግን ያመልጠዋል። «ጋሼ፣ እያወቁም ያመልጣል። ሞኝነት አይደለም፤ ዓይን የሚሄደው ወደ ጠሩት ነው።»

በአራተኛው ቀኝ እጄን ጥርቅም አድርገው ያዙ። ከፈቱት፤ ኳሷ አለች። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ስልክ ደወሉልኝ። ከወልድያ ነው። በግ ሸጠዋል።

«አየኋቸው» አሉኝ።

«እነማንን?»

«ባለካርታዎቹን። ራቅ ብዬ ቆሜ ቆጠርኩ። የሚያገላብጠው አንድ፣ የእነሱ ሰው አራት።»

«ገንዘብዎስ፣ ጋሼ?»

«ኪሴ ነው። እጄም ከላዩ አልተነሳም።»

አያቴ ግን እስከ ዛሬ በእነዚያ ኩባያዎች ውሃ አትጠጣም።