ለልጆች ዋና የሚሆን የሐይቅ ዳር ስለ መምረጥ

በደጋ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ከውሃ ጋር ያለው ወዳጅነት ጥቂት ነው። እኔም በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ውሃን የማውቀው በእንስራና በጠበል ነበር። ዋናን የተማርሁት በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ሲሆን፥ እርሱም ከወገብ በማያልፍ ኩሬ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ዐወቅሁ ከማለት በቀር ብዙ አልረባኝም። ዛሬ አባቶች ልጆቻቸውን ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር መውሰድ ስለ ለመዱ፥ በእኔ የደረሰው ነገር ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብዬ ይህን ለመጻፍ ደፈርሁ።

በአውሮፓ ሰው ሁሉ ወደ ውሃ የሚወርድበት ሐምሌና ነሐሴ በእኛ ዘንድ ዝናም የሚበረታበትና ጎርፍ ወደ ሐይቅ የሚገባበት ወራት ነው። ስለዚህ የእኛ የዋና ጊዜ በጋው ነው። ነገር ግን የልጆች ረጅም ዕረፍት በክረምት ስለሚውል፥ አባት የሚመቸው ቀን እንደ ጥምቀትና እንደ ፋሲካ ያለው አጭር በዓል ብቻ ነው፤ ቀኑም አጭር በመሆኑ ስፍራውን ሳይመረምር ይቸኩላል።

እኔም እንዲሁ ቸኰልሁ። ከአራት ዓመት በፊት በፋሲካ ሰሞን ባለቤቴንና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ቢሾፍቱ ወረድሁ። መንገዱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ውሃውም ጥሩ ሰማያዊ፥ ዳሩም ጸጥ ያለ ሆኖ ስላየሁት ማንንም ሳልጠይቅ ልጁን ግባ አልሁት። አራት እርምጃ ሲሄድ ውሃው እስከ ወገቡ ነበር፤ በስድስተኛው እርምጃ ራሱ ከዓይኔ ጠፋ። ከነልብሴ ዘልዬ ገባሁ፤ ነገር ግን እግሬ መሬት ቢያጣ የኩሬው ትምህርት ሁሉ ጠፋኝ። በአጠገባችን ጀልባ የሚቀዝፍ አንድ ሽማግሌ መቅዘፊያውን ባይዘረጋልን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው ባልኖረም ነበር። ሽማግሌውም ልጁን ወደ ዳር ካወጣ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ሐይቅ ዳር የለውም፤ ያለው አፋፍ ነው» አለኝ።

ቃሉ እውነት መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። የቢሾፍቱ ሐይቆች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ከእነርሱም የከተማውን ስም የያዘው ሐይቅ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። እንዲህ ያለ ሐይቅ እንደ ገበታ ሳይሆን እንደ ጽዋ ስለ ሆነ፥ ጥልቀቱ ከዳሩ ይጀምራል።

ባለቤቴ በዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም። በቤታችን ግን፥ «ውሃውን እርስዎ ይዋኙበት፤ ልጄን ግን ከእንግዲህ አይወስዱብኝም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ክረምት በምሠራበት ፍርድ ቤት በውሃ ስለ ሞተ አንድ ጐልማሳ የተሰጠ የምስክር ቃል ስገለብጥ፥ «ውሃው ጸጥ ያለ ነበር» የሚል አገኘሁና ብዕሬ ቆመ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት አባቶቻችን በከንቱ አልነበረም። ደግሞም በችሎት ያለ ምስክር ፍርድ እንደማይሰጥ ስጽፍ የምውል ሰው፥ በልጄ ነፍስ ላይ ያለ ምስክር እንደ ፈረድሁ ታወቀኝ።

ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ጀመርሁ። አንድ ሐኪም የነገረኝ ከጥልቀት ሌላ የማይታይ ጠላት እንዳለ ነው፤ እርሱም ቢልሃርዝያ ነው። የትሉ እንቍላል ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከዚያ የተፈለፈለው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና፥ ፀሐይ ሲሞቅ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ቄጠማ የበዛበትን የረጋ ዳር ነው። በጣና ዳር ይህ በሽታ የታወቀ ነው። መድኀኒት ቢኖረውም ሳይዙት መጠንቀቅ ይሻላል። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፥ እንዶድ እንደሚገድላቸው ማስረዳቱ ለእኛ ኵራት ነው።

እንደ ወንጪ ያለውን የተራራ ሐይቅም አሰብሁ፤ ነገር ግን ውበቱ ለዓይን ቢሆንም ቅዝቃዜው የልጅን ትንፋሽ ይቈርጣል። በመጨረሻ ሁሉም ምስክር በላንጋኖ ተስማማ። ውሃው ሶዳ ያለበትና ደፍራሽ ስለ ሆነ ቢልሃርዝያ የሌለበት ተብሎ የታወቀ ነው፤ በብዙ ስፍራም ዳሩ አሸዋ ሆኖ በዝግታ ይጠልቃል።

ባለቤቴን ለማስፈቀድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ልጄ ቡናማውን ውሃ ባየ ጊዜ፥ «አባባ፥ ይህ ጭቃ አይደለም ወይ?» ብሎ አፈረብኝ። እኔ ግን አስቀድሜ በበትር እየለካሁ ገባሁ፤ ኀምሳ እርምጃ ሄጄ ውሃው ከደረቴ አላለፈም። ከዚያ ልጁን ጠርቼ፥ እኔም ከእርሱ ጋር እንደ አዲስ ተማሪ ሆኜ፥ ከአንድ የዋና መምህር ዘንድ ሦስት ጧት ተማርን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበል ሲመታ እንወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቍርጭምጭሚቷ ገባች፤ ስለ ቢሾፍቱ ነገርም ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

እንግዲህ ልጆች ያላችሁ ሁሉ፥ የውሃውን መልክ አይታችሁ አትፍረዱ። የአገሩን ዓሣ አጥማጅ ስለ ጥልቀቱ፥ ሐኪሙን ስለ በሽታው ጠይቁ፤ ከልጃችሁም በፊት በበትር ለክታችሁ ራሳችሁ ግቡ። ዋና የማያውቅ አባት ደግሞ ከልጁ ጋር ቢማር ነውር የለበትም። ነውሩ በዳር ቆሞ የልጁን ራስ መፈለግ ነው፤ ይህንንም የምናገረው ስላየሁት ነው።