ይጮኻል እንጂ አይሄድም

የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሌሊት ተነሥቶ ዘነበወርቅ እቤቴ ሲደርስ በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ ነበር። የዘጌ ቡና መስሎኝ በደስታ ተቀበልኩት። ስፈታው ሦስት ክንፍ ያለው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ተቆርሷል።

«የጀልባዋ ፕሮፔለር ነው ጋሼ። አዲስ አበባ በአርጎን ይበየዳል ብለውኝ ነው» አለኝ።

እናላችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ጉዳዩን ዘረገፈው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የምታመላልስ፣ ከኋላዋ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር የተገጠመላት ጀልባ አለችው። የቤተሰቡ እንጀራ እሷ ናት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ፍጥነቷ ወደቀ። በዝግታ ስትሄድ ደህና ናት፤ ፍጠኚ ስትባል ግን አሻፈረኝ ትላለች። አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ሰዓት ተኩል መፍጀት ጀመረ። ቤንዚኑ ደግሞ ከበፊቱ ቶሎ ያልቃል።

መቼም እኛ አገር ምክር በነጻ ነውና ሁሉም የየራሱን ሰበብ ሰጠው። አንዱ «ጣና ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ነው» አለ። እርግጥ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ግን ጣና ዘንድሮ ከፍ አላለም፤ አምናም እዚያው ነበር። ሌላው እምቦጭን ወቀሰ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ብዙ ጥፋት አድርሷል፤ ፕሮፔለር ላይም ይጠመጠማል። ነገር ግን የተጠመጠመ አረም በዓይን ይታያል። ሦስተኛው «ሞተሩ ይፈታና ፒስተንና ፋሻ ይቀየር» አለ። ይኼ ደግሞ ኪስ ያራግፋል።

የአክስቴ ልጅ የመረጠው ከሁሉም የቀለለውን ሰበብ ነው፤ ሰውን። ጀልባ ነጂውን «ቤንዚኑን እየቀዳህ ትሸጣለህ» ብሎ አባረረው። የመጨረሻ ወር ደመወዙንም ያዘበት።

«ልጁስ ምን አለ?» አልኩት።

«ምን ይላል ብለህ ነው ጋሼ! ‹እኔ አልነካሁም፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም› እያለ ይቀባጥራል።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔማ ባሰብኝና በቀድሞው የመምህርነት ግርማዬ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብዬ ፍርዱን አጸናሁለት።

በማግስቱ ከቤቴ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው እኩያዬ ነው፤ ስንገናኝ ስለ ጉልበታችንና ስለ ስኳራችን እናወራለን። «እኔ እንኳ ጀልባ ላይ ወጥቼም አላውቅ መምህር» አለ እየሳቀ። ፕሮፔለሩን አገላብጦ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ቤንዚን ስትሰጠው ሞተሩ ያቃስታል ወይስ ይጮኻል?»

የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሰውየው ዝምታችንን አላወቅን ይሆናል ብሎ ተረጎመውና ያስረዳን ገባ። ሙሉ ቤንዚን ተሰጥቶት የሚያቃስት፣ ዙሩ አልወጣ ያለ ሞተር ሕመሙ ወይ ከራሱ ነው፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖታል። ያኔ ካንዴላው፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ካርቡራተሩ በየተራ ይታያል፤ ጀልባዋም ከወለሏ ሥር ውኃ ቋጥራ እንዳልከበደች ይፈተሻል። ሞተር ለመፍታት የሚሄዱት ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የሚጮኸው ግን፣ ዙሩ ወጥቶ ጀልባዋ ካልሄደች፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጉልበቱ ውኃው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

«ፍሪሲዮኑ እንዳለቀ ታክሲ» አለ። «ዳገት ላይ አገር ይያዝልኝ ይላል፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ቤንዚኑ ግን ይነዳል።»

የአክስቴ ልጅ ቀና አለ። «ቤንዚኑ ይነዳል?»

«ይነዳል እንጂ! ሞተር ቤንዚን የሚበላው ሲሠራ ነው። አንተ መንገድ ሄድክ አልሄድክ ምን ገዶት!»

ፕሮፔለሩ መሐል፣ በውስጠኛው ቀለበትና በክንፎቹ እቅፍ መካከል፣ ወፍራም ላስቲክ ተጨምቆ ገብቷል። ክንፉ ድንጋይ ሲመታ ላስቲኩ ይንሸራተትና ማርሹን ከመሰበር ያድናል። አንዴ ከላላ ግን በዝግታ ሲሄዱ ይይዛል፤ ጉልበት ሲበዛበት ይከዳል። የተቆረሰውን ክንፍ እያሳየን «ይኼን ያህል የተመታ ነገር ውስጡ ደህና ነው ትላላችሁ?» አለ። ይሁን እንጂ አልፈረደም። «ልሳሳት እችላለሁ። ክንፉን ልበይድልህ። ከዚያ ቀለበቱንና የውጪውን አካል አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በቀለም አስምርበት። ነድተህ ስትመለስ መስመሩ እንዳለ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ። ከተለያየ ላስቲኩ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ በአለርት አጥር ሥር አለፍን። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ነው። እዚህ አካባቢ «እርግማን ነው፣ በዘር ይወርዳል» እየተባለ ከየቀዬው የተባረረ ስንት ሰው ሰፍሯል! የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶት ነበር። ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሐኪሙ ሲመረምር ቆዳው ላይ የደበዘዘውን ቦታ በጥጥ ጫፍ ነካ ያደርግና «ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ይጠይቃል፤ መልሱንም ይሰማል። በግምት ሰው ማባረር ምን እንደሚያደርስ ከዘነበወርቅ ሰው በላይ ማን ያውቃል? እኔ ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ አንዱን አባረርኩ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ገጸ ባሕርይ የሚናገራትን ቃል አትዝለሉ፤ ቁልፉ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል» እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬአለሁ። የዘለለ ተማሪ ነጥብ ይጎድልበት ነበር። ጀልባ ነጂው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባዋ አትሄድም። ምርመራውም ውጤቱም ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ቶርኖ ሠሪው ሲለው ሙያ ሆነ፤ ተከሳሹ ሲለው ሰበብ መስሎን ሳቅንበት። በየመሥሪያ ቤታችንስ ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የምንፈታው ሰው አይደለም? ማንስ «ያቃስታል ወይስ ይጮኻል?» ብሎ ይጠይቃል? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «በእህቴ የጥፍር ቀለም ነበር ያሰመርኩት። ተለያየ፣ ጋሼ» አለኝ። ድምፁ የደስታ አልነበረም።

ላስቲኩ ተቀየረ፤ ጀልባዋም ወደ ቀድሞ ፍጥነቷ ተመለሰች። ሞተሩ ሳይፈታ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ይዞ ወደ ልጁ ሄደ፤ ደመወዙን ከፈለ፤ በእኔም ስም ይቅርታ ጠየቀልኝ። ልጁ ይቅርታውን ተቀበለ። ተመለስ ሲባል ግን፣ ሌላ ሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ስለነበር፣ እምቢ አለ። ቂም አልያዘም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«መጀመሪያውኑ ነግሬዎት ነበር» ብቻ ነው ያለው።