መቀስ ከማንሣት በፊት

የቤተ ሰብን ፎቶግራፎች በየዓመታቸው ለይቶ፣ ጫፋቸውን ከርክሞ በአልበም ማኖር ዓይንን ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሆኖም ማስተዋልን ይፈልጋል፤ የተቆረጠ ፎቶግራፍ እንደ ተቆረጠ ጠጉር ተመልሶ አይበቅልምና።

በእጃችን ያለ አንድ ፎቶግራፍ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በ1966 ዓ.ም. በኅዳር ወር በጢስ ዓባይ የተነሣ ነው። ወላጆቻችን ታላቅ ወንድማችንን በመካከል አድርገው ቆመዋል፤ በስተኋላቸው ፏፏቴው ገደሉን በሰፊው ሸፍኖ ይወርዳል። በቀኙ ጠርዝ ደግሞ እኛን ልጆቹን ሁሉ አዝላ ያሳደገች ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ትታያለች።

ባለፈው ክረምት ልጆቻችን ይህን ፎቶግራፍ በአዲስ አልበም ሊያኖሩት ወደዱ። ስፍራው ጠባብ ስለ ሆነ፣ ዙሪያውን ቆርጠው ሦስቱን ፊት ብቻ ለማስቀረት አሰቡ። አሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰማዩ ብዙ፣ ፊቱ ጥቂት ነውና። እኛ ግን ጠርዙ የያዘውን አስቀድመው እንዲመረምሩ ነገርናቸው።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ማመንጫው ስለሚሄድ፣ ይልቁንም ከሁለተኛው በኋላ፣ ፏፏቴው በበጋ እጅግ ሳስቶ የታየባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ልጆቻችን የተወለዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አባቶች ስፍራውን ስለ ምን «ጢስ» እንዳሉት የሚያስረዳቸው ሊቆርጡት ያሰቡት ክፍል ነበር።

በጠርዙ የቆመችው ሴት ካረፈች ብዙ ጊዜ ሆኗል። በቡሬ የምትኖረው ልጇ ሌላ የእናቷ ፎቶግራፍ የላትም።

እንግዲህ ዋናውን ሳንነካ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ብርሃን አጋድመን፣ ከበላዩ ቀጥ አድርገን በስልክ አነሣነው። ከአንዱ ቅጂ ልጆቹ የፈለጉትን ሦስት ፊት ለአልበማቸው ከረከሙ። ከሌላው ቅጂ ደግሞ እኛ ወላጆቻችንን ቆርጠን አወጣንና እርሷን ብቻ አስቀረን፤ በፍኖተ ሰላም ከአንድ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳትመን ለልጇ ላክንላት። ልጅ እናቷን በወጣትነቷ ያየቻት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ መቀስ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በቅጂ ላይ ይዋል እንጂ ዋናውን አይንካ። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹ ስም፣ ስፍራውና ዓመቱ በለስላሳ እርሳስ ቀለል ተደርጎ ይጻፍ፤ ዓመቱም የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ይገለጽ። ሙጫና ፕላስተር እያደር ወረቀቱን ያበላሻሉና በአራቱ ማዕዘን የወረቀት ኪስ ማድረግ ይሻላል። አልበሙም ከማጀት ጢስና ከርጥበት ይራቅ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ በየፎቶግራፉ ጠርዝ የቆሙትን ሰዎች ስም የሚያውቁ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።