ከሰንጋ ተራ ሱቅ እስከ ዛንዚባር

የሰንጋ ተራ ስሙ በሬን፣ ፎቆቹ ባንክን ያስታውሳሉ። በሱቆቹ አይስክሬም ውስጥ ግን የባሕር አረም ሊኖር ይችላል። ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ጄላቲን ከላም ይሁን ከአሳማ ካልተገለጸ ያጠራጥራል። «ኢ 407» ግን ከባሕር አረም የሚወጣ ነው (ሌላውንም ቅመም ማየት አይቀርም)።

ይህን አረም ከሚያለሙት መካከል የዛንዚባር ሙስሊም እናቶች ይገኛሉ። ባሕሩ ሲሸሽ በገመድ አስረው ይተክሉታል። አረሙ ምግቡን የሚስበው በሥር ሳይሆን በመላ አካሉ ነው፤ ከሙቀትም መሸሸጊያ የለውም። ውኃው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲግል ቅርንጫፉ ነጥቶ ይበጠሳል። «ስፒኖሰም» የተባለው ዝርያ ሙቀቱን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣው «ኮቶኒ» ከዳርቻው እየጠፋ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጀልባና ዋና ያስፈልጋል። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ዋና ተምረዋል።