ያረጀ መኪና ድምፅ ሲያሰማ

ቤተ ሰባችን የሚጓዝበት መኪና፣ ሞተሩ በስተኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ትንሹ ቮልስዋገን ነው። የዚህ ዐይነቱ መኪና የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ስለ ተሠራ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ ዕድሜ የጠገበ ነው። ባለፈው ክረምት የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ኀይሉ እየተቆራረጠ ይንገጫገጭ፣ ከበስተኋላውም ይንኳኳ ጀመር። አንድ መካኒክ «ሞተሩ ካልተለወጠ አይድንም» አለን፤ የጠየቀውም ገንዘብ ለልጆች ትምህርት ካስቀመጥነው የሚበልጥ ነበር።

ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲፈጥን የሚሰማ ድምፅ ከሞተሩ በኩል ነው፤ ሲሄድ ብቻ ተሰምቶ ከመንኰራኵሩ ፍጥነት ጋራ የሚጨምር ግን ከጎማው ወይም ከኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። የኀይሉም መቆራረጥ እንዲሁ ነው፤ በዳገት ላይ ቀስ በቀስ የሚደክም ከሆነ ቤንዚን እንዳነሰው ያስጠረጥራል፤ በድንገት ጠፍቶ በድንገት የሚመለስ ከሆነ ግን የእሳቱ ነገር ይታይ።

የኛው በርጥብ ማለዳ ይብስበት ስለ ነበር፣ ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነሥቼ ሳልነካው ተመለከትሁ። ወደ ካንዴላው ከሚሄደው ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ያፈተልክ ነበር። ገመዱ ሲለወጥ መንገጫገጩ ቀረ፤ ኳኳታውም የላላ ማርሚታ ሆኖ ተገኝቶ በአንድ ብሎን ጸጥ አለ።

አንባብያን ሆይ፣ ድምፁ መቼና በምን ፍጥነት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ወይስ ከሞቀ በኋላ እንደሚሰማ ጽፋችሁ ለመካኒኩ ስጡት። ፍሬን ስትይዙ ብረት ከብረት ጋራ ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን ምርመራውን ትታችሁ መኪናውን አቁሙ፤ ልጆቻችሁ የሚጫኑበት ነውና።