የሚዛን ሰዎች ሚዛን ፊት

አሜሪካ የሚሄድ ሰው መኖሩ በተሰማ ማግስት ሰላምታችን ይለወጣል። «እንደምን ከረምክ» ይቀርና «ኪሎ ተርፎሃል እንዴ?» ይመጣል። ለቲኬቱ የሚከፍለው መንገደኛው ነው፤ ኪሎው ግን የሰፈሩ ነው። እኔም ነገሩን አልነቅፍም። አንድ ጀበና ቡና ሲፈላ ጎረቤት ሁሉ በሚጠራበት አገር አድጌ የሻንጣ ጥግ ልከልክል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ዋሽንግተን የተጓዝኩት ሚዛን ተፈሪ ካለችው እናቴ ጎረቤት ጋር ነበር። ስማቸውን ልተወውና እትዬ ልበላቸው። ልጃቸው መውለጃዋ ስለደረሰ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። በቦንጋና በጅማ አድርገው አዲስ አበባ እስኪገቡ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላተዋል። አውሮፕላን በቅርብ ያዩት በልጅነታቸው፣ ዳኮታ ሚዛን ተፈሪ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ተሳፍረው ግን አያውቁም።

ቲኬታችንን አብረን ቆረጥን። ለያንዳንዳችን 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶልናል። የእኔ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ መጽሐፍ። የእሳቸውን አይጠይቁኝ! በርበሬው፣ ሽሮው፣ የአራስ ገንፎ እህሉ፣ ኮረሪማው፣ የሸካ ማሩ፣ ተቆልቶ የታሸገው ቡና…

ቦሌ ሲደርሱ አንደኛው ሻንጣቸው 29 ኪሎ አለ። «ምን ችግር አለው፤ የእኔ ገና 14 ነው። ደምራችሁ አካፍሉን» አልኩ። ልጅቷ በትሕትና አስረዳችኝ። አብረው የተመዘገቡ መንገደኞች ክብደታቸው ተደምሮ የሚታይበት ጉዞ አለ፤ የእኛ ግን በሻንጣ ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል። በኋላ ሳስበው እውነት አላት። አውሮፕላኑ ድምሩን ቢችለውም ሻንጣውን የሚያነሣው ወጣት ወገብ አለው። ተጨማሪ ቢከፈል እንኳ አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዲያልፍ በብዙ ቦታ የማይፈቀደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚዛን ሰዎች ሚዛን ፊት ተንበረከክን። ሻንጣው ወለሉ ላይ ተከፈተ። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ «ጓዳዬ አደባባይ ወጣ» አሉ። ስድስት ኪሎ ወደ እኔ ሻንጣ ማሻገር ጀመርን። በርበሬው ገባ፣ ሽሮው ገባ። ቀጥሎ እጄ ላይ የመጣው በፕላስተር ዙሪያውን የተጠመጠመ ጥቅል ነው።

«ይሄስ?»

«የሰው አደራ ነው። ቴፒ ያለች ሴትዮ ለልጇ የላከችው።»

«ምን አለበት?»

«እኔ ምን አውቄ! አደራ ይፈታል እንዴ?»

እዚህ ላይ እጄ ቀዘቀዘ። ኪሎ መካፈል ሌላ፣ ስም ማበደር ሌላ። እኔ ሻንጣ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የእኔን ስም ነው የሚይዘው። ከላይ የቆመችው ልጅ ደግሞ «ሻንጣውን ያሸጉት ራስዎ ነዎት?» ማለቷ አይቀርም። ጥያቄው ለወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሎከርቢ ላይ 270 ሰው የጨረሰው ቦምብ የተጫነው ባለቤቱ ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ ነው። የራሳችንም አለ። በ2011 ዓ.ም. ጓደኛዋ በሰጠቻት የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ ኮኬይን ተገኘ ተብላ ቻይና ላይ የታሰረችው ወጣት ኢትዮጵያዊት ነገር ስንቱን እናት አስለቅሷል።

ፕላስተሩን ቀደድኩት።

«አንተ መምህር፣ ምነው ሰው እንዲህ ከፋብህ?» አሉኝ እትዬ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ውስጡ የተቆላ ቡና፣ አንድ እፍኝ ጥምዝ፣ ለሁለት የተቀደደ የነጠላ ግማሽ፣ በነጠላው የተጠቀለለ ደብዳቤ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ሳነብና ሳስነብብ የኖርኩ ሰው ያን ቀን አንድ መስመር አላነበብኩም። እንደነበረው ጠቅልዬ፣ ፕላስተር ለምኜ አሸግኩት። እትዬ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ያናገሩኝ ለውኃ ብቻ ነው።

ልጅቷ አደራዋን ልትቀበል ስትመጣ ፕላስተር በፕላስተር ላይ መደረቡን አየች። «ተፈትሾ ነው?» አለች። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ልክ ነዎት ጋሼ» አለችኝ። እኛ ፊት ግን አልፈታችውም። ደረቷ ላይ ይዛው ሄደች። ልክ መባሌ አላጽናናኝም።

ሳሰላስለው ጥፋቴ ቦታው ላይ ነው። የገንዘብ አደራ ስንሰጣጣ ተቀባዩ ሰጪው ፊት ይቆጥራል፤ ማንም ተጠረጠርኩ አይልም። መቁጠሩ ለተቀባዩም ለሰጪውም ክብር ነው። የሻንጣው አደራ ታዲያ ለምን ታሽጎ ይመጣል? ያ ጥቅል ቴፒ ላይ፣ እናትየው ፊት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እሷው ራሷ እያንዳንዱን እያነሣች «ይሄ ለሳል፣ ይሄ ለናፍቆት» ትል ነበር። እኔ ግን በሌለችበት፣ መንገደኛ እያየኝ፣ ወለል ላይ በረበርኩት።

ከዚያ ወዲህ ኪሎ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ «አለኝ። ሳይታሸግ ይምጣ፤ ፕላስተሩን እኔ እገዛለሁ።» የተቀየመኝ አንድ ሁለት ሰው ነው፤ የቀሩት ቡናቸውን ይዘው መጡ።

እትዬስ? ልጃቸውን አርሰው ሲጨርሱ አብረን ተመለስን። በመጨረሻዋ ማታ ሻንጣቸውን ምንጣፍ ላይ ዘርግተው፣ የስንቱን ሰው ጫማና መድኃኒት ደርድረው ጠበቁኝ።

«ና አንተ መምህር» አሉኝ፤ «ሳልዘጋው ቁጠርልኝ።»